ከጓሮ ወደ ወይን ጓዳ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የአራት ዚምባብዌያውያን የወይን ባለሙያዎችን ነገር ነው። ስማቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ኋላ ላይ «የቱ ነበር?» እያላችሁ ወሬዬን እንዳታቋርጡብኝ። ጆሴፍ ዳፋና፣ ቲናሼ ንያሙዶካ፣ ማርልቪን ግዌሴ፣ ፓርደን ታጉዙ። ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

በ2008 የዚምባብዌ ገንዘብ ገንዘብነቱን አጣ። ጠዋት የተነገረው የዳቦ ዋጋ ማታ አይሠራም። ደመወዝተኛው ደመወዙን ይዞ ገበያ እስኪደርስ ብሩ በእጁ ላይ ይረክሳል። በ2009 መጀመሪያ መንግሥት አንድ መቶ ትሪሊዮን ዶላር የሚል ኖት አወጣ፤ ከአንድ ቀጥሎ አሥራ አራት ዜሮ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ እሱም ቀረና አገሩ በሰው ገንዘብ፣ በአሜሪካ ዶላርና በደቡብ አፍሪካ ራንድ ይገበያይ ጀመር። መምህሩም፣ ነርሷም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ሻንጣቸውን አንሥተው ወደ ደቡብ ወረዱ። የሊምፖፖን ወንዝ የተሻገረ ደቡብ አፍሪካ ገባ።

ጆሴፍና ባለቤቱ ከሌሎች ስደተኞች ጋር በዕቃ ባቡር ኮንቴይነር ውስጥ ታጭቀው ሄዱ። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ አየር የለም። ሁለቱም ለጥቂት ተረፉ። እዚህ ላይ እኛ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ነገር አለ። መጋቢት 2020፣ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ የምትባል አውራጃ፤ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ተነሥቶ ጆሃንስበርግ እገባለሁ የሚለው የኛ ልጅም የሚወርደው ወደዚያው ነው። እና ይህን የወይን ወሬ የሌላ አገር ሰው ወሬ ነው ብላችሁ አትራቁት።

ጆሴፍና ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ሲደርሱ የሚጠጉበት ዘመድ የላቸውም። የተጠጉት መሐል ከተማው ላይ ወዳለው ሴንትራል ሜቶዲስት ወደሚባል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጳጳሱ ፖል ቬሪን በሩን ለስደተኛ ከፍተውት ነበር። በዚያ ዘመን ከሺህ የሚበልጥ ሰው ደረጃው ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ወንበሩ ሥር ይተኛል። ከዚያ ጥቂት መንገዶች አቋርጣችሁ ብትሄዱ ጄፒ ትደርሳላችሁ፤ ሀበሻው ልብስና ብርድ ልብስ ሲቸረችር፣ በየፎቁ ቡና ሲያፈላ የምታገኙበት ሰፈር። ማን ያውቃል፣ ጆሴፍ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት የቡናችን ሽታ ሳያቆመው አይቀርም። አልቆየም ግን፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬፕ ታውን ወዳለችበት ወደ ኬፕ ሄደ።

ቲናሼ ኬፕ ታውን የገባው በ2008 ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በስደተኛ ላይ የተነሣው ሁከት 62 ሰው ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው አገር ገብታችሁ «ምን ሥራ ልምረጥ?» አትሉም። የተገኘውን ትይዛላችሁ።

ጆሴፍ የያዘውን ልንገራችሁ። ከኬፕ ታውን በስተ ሰሜን ስዋርትላንድ የሚባል የስንዴና የወይን አገር አለ፤ እዚያ ውስጥ ሪቢክ ካስቴል የምትባል ትንሽ ከተማ። ጆሴፍ እዚያ አንድ ምግብ ቤት ተቀጠረ። በምን? በአትክልተኛነት። ጓሮውን ይኮተኩታል፣ ያጠጣል። ከጓሮው ወደ ቤት ገባና መስተንግዶ ጀመረ። በ2010 የልደቱ ዕለት አንድ ብርጭቆ የሚፍለቀለቅ ወይን ሰጡት። በዕድሜው የቀመሰው የመጀመሪያው ወይን ያ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ መጠየቅ ሆነ ሥራው። ዓመታት አለፉና ላ ኮሎምብ ገባ፤ ኬፕ ታውን ውስጥ በጣም ከተከበሩት ምግብ ቤቶች አንዱ፤ የወይኑ ሁሉ አዛዥ ሆኖ፣ ዋና ሶሜሊዬ ተብሎ።

ሶሜሊዬ ማነው ለምትሉኝ፦ በትልልቅ ምግብ ቤቶች የወይኑ ኃላፊ ነው። እንግዳው ከየትኛው ምግብ ጋር ምን ቢጠጣ እንደሚሻል ያማክራል፣ ከፍቶ ይቀዳል፣ የትኛው ወይን ተገዝቶ ዝርዝሩ ላይ እንደሚገባ ይወስናል። በኛ ቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊዎች ነበሩ፤ ለጌታቸው ከማቅረባቸው በፊት በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፣ መርዝ እንደሌለበት ምስክር እንዲሆን። ሶሜሊዬው የሚፈልገው መርዝ አይደለም፤ የተበላሸ ቡሽ ነው። ቡሽ ሲበከል ወይኑ እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይሸታል። ለእንግዳው መጀመሪያ ላይ ጠብ የምትደረግለትም ለዚሁ ነው፤ ወይኑ ጤነኛ መሆኑን እንዲያይ እንጂ ይጣፍጠው እንደሆን አይደለም የሚጠየቀው። ይህን ሳያውቅ በከባድ ሐሳብ ተውጦ ራሱን የሚነቀንቅ ባለገንዘብ ስንት አለ መሰላችሁ!

ሰው የሚያየው ማታውን ነው። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ዝግ ያለ ንግግር። ቀኑን ማን አየ? ቀኑ ካርቶን ሲሸከሙ ነው የሚያልፈው። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ ካርቶን ከአሥራ አምስት ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ወይን የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ነው። ሲወርዱ ሲወጡ፣ ሲቆጥሩ፣ ከመዝገብ ሲያስታርቁ፣ ብርጭቆ በእንፋሎት ሲወለውሉ ይመሻል። ከዚያ ሸሚዝ ተቀይሮ ፈገግታ ይጀመራል።

ሒሳቡም አለ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በ150 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። አስተናጋጁ እጁ ለግሶ 180 ከቀዳ አራት ወጥቶ ጭላጭ ይቀራል፤ የቤቱ ትርፍ ያቺ አምስተኛዋ ነበረች። የተከፈተ ወይን እስከ ነገ ካደረ አየር ይነካዋል፣ ይሞታል። ስለዚህ ጥሩ ሶሜሊዬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የትኛው ጠርሙስ ተጋምሶ እንደቆመ ያውቃል፤ ያንኑም ለሚቀጥለው ጠረጴዛ ቀስ አድርጎ ያስወድደዋል። ምላስ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ባለቤቱ ከእጁ የማይለቀው ግን እንዲህ የሚያሰላውን ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላው ጥበብ ነው። አንድ ሰው ሴት ጓደኛውን ወይም አለቃውን ጋብዟል እንበል። ኪሱ የሚችለው ይህን ያህል ነው፤ ግን በእንግዳው ፊት «ርካሽ አምጣ» አይልም፣ ይሉኝታ አለ። ዝርዝሩን ገልጦ አንድ ዋጋ ላይ ጣቱን ያሳርፍና «እንዲህ ዓይነት ነገር ብንጠጣስ?» ይላል። ሶሜሊዬው የሚያየው ያችን ጣት ነው። ከዚያች ዋጋ ሳይወጣ አንድ ጠርሙስ ይመርጥለታል፤ ዋጋ የሚባል ቃል ከማንም አፍ ሳይወጣ። ይሉኝታ በሞላበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ መማር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ። አንዳቸውም «ሶሜሊዬ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አንብቦ አልተቀጠረም። በዚህ ሙያ መግቢያው የጓሮ በር ነው። ብርጭቆ አጣቢ፣ ሳህን አመላላሽ፣ አስተናጋጅ ሆነህ ትገባለህ፤ ወይኑ ካለበት ቤት ውስጥ መሆን ነው ዋናው ነገር። ከዚያ ትጠይቃለህ፤ ጠያቂ ሲታይ አንዱ ብርጭቆ ይሰጠዋል። ቲናሼ እንዲሁ ከታች ተነሥቶ፣ ቤት እየቀያየረ፣ በመላው ዓለም ስሙ የተጠራው የዘ ቴስት ኪችን ምግብ ቤት ዋና ሶሜሊዬ ሆነ። ማርልቪን ኬፕ ግሬስ ሆቴል፣ ፓርደን ኦበርጂን ምግብ ቤት። ማርልቪን አልኮል በማይቀመስበት የጴንጤቆስጤ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ነው። እናንተ መካከል «ቤተሰቤ ምን ይለኛል?» የሚል ካለ ይህን ልብ ይበል፤ ሥራው መጠጣት አይደለም። ቀማሽ የቀመሰውን ይተፋዋል፤ መትፊያ ዕቃው ከጎኑ አይጠፋም። በቀን ሠላሳና አርባ ወይን የሚቀምስ ሰው ቢውጠው ኖሮ እስከ ምሳ የሚቆም አልነበረም።

የቆሙበት መሬት ግን ታሪክ አለው። ኬፕ ላይ የመጀመሪያው ወይን የተጠመቀው በ1659 ነው፤ ይህንን ራሱ የሆላንዱ አዛዥ ያን ፋን ሪቤክ በማስታወሻው መዝግቦታል። ወይኑን የተከለውና የለቀመው ግን ባሪያውና ሠራተኛው ነበር። ዶፕ የሚሉት ሥርዓት መጣ፤ ለእርሻ ሠራተኛ ከደመወዙ ከፊሉን በርካሽ ወይን መክፈል። ቀን ይሠራል፣ በየመሐሉ አንድ ኩባያ ይቀዳለታል፣ ማታ ሰክሮ ይገባል። ሕግ ከከለከለውም በኋላ በየእርሻው ዓመታት ቆይቷል፤ ቤተሰብ ያፈረሰ ነገር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ አገር አንድ ጥቁር ሰው፣ ያውም ስደተኛ፣ ነጭ ጨርቅ ወደለበሰ ጠረጴዛ ይመጣና ለባለ እርሻው ልጅ «ከዚህ ዓሣ ጋር ይህኛው ይሻላል» ይላል። በዓይናቸው የሚመዝኑት፣ ዕውቀቱን ሊፈትኑት ነገር የሚወረውሩለት አይጠፉም። በ2016 የጥቁር ወይን ባለሙያዎች ብላክ ሴላር ክለብ የሚል ማኅበር አቋቋሙ፤ ቲናሼም ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ። አንዱ የሥራ ቦታ ሲሰማ ለሌላው ይነግራል፣ አንዱ ያገኘውን ጠርሙስ ለሌላው ያቀምሳል።

አንዳንዶች የወረቀት ነገር ይጠይቁኛል። ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል ወይ? የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለመቀጠር እምብዛም፣ ለመከበር ግን በጣም። ዊሊያምና ጆን ተብሎ ለሚጠራ ሰው አፉ ይበቃዋል፤ ድምፀቱ የሰው አገር ለሆነ ሰው ግን ወረቀቱ ነው የሚናገርለት። ለንደን ላይ የወይንና የጠንካራ መጠጦች ትምህርት ተቋም አለ፣ በ1969 የተመሠረተ። የመጀመሪያው የማስተር ሶሜሊዬ ፈተናም እዚያው ለንደን በዚያው 1969 ነው የተሰጠው። አራት ደረጃ አለው። የመጨረሻው ላይ ስድስት ወይን ስሙ ሳይነገር ይቀርባል፤ በ25 ደቂቃ ውስጥ ከየት አገር፣ ከምን ዘር፣ የስንት ዓመት እንደሆነ በቃል ማስረዳት ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያንን ያለፈ ሰው በመላው ዓለም ሦስት መቶ ገደማ ነው። ደቡብ አፍሪካም ከ1979 ጀምሮ ኬፕ ዋይን አካዳሚ የሚባል ትምህርት ቤት አላት፤ ኬፕ ላይ ያለ አስተናጋጅ መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንን ነው።

ክፍያው ለአስተናጋጅ ደመወዝ ቀላል አይደለም፤ ከክፍያው ይልቅ ግን ጠርሙሱ ነው የሚያከስረው። ቡርጎኝ የሚባለውን የፈረንሳይ ወይን የማያውቅ ሰው ቡርጎኝን ሊለይ አይችልም፤ አንድ ጠርሙስ ቡርጎኝ ደግሞ የወር ቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል። እና በዚህ ሙያ ያሉ ድሆች ምን ያደርጋሉ? ይተባበራሉ። አራት ሰው አንዳንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ መለያውን በወረቀት ይጠቀልላሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ይከራከራሉ። ሻጮች ለምግብ ቤቶች በነፃ የሚያዘጋጁት ቅምሻ አያመልጣቸውም። እንግዳ ጠርሙሱ ውስጥ ትቶት የሄደውን ጉንጭ ወይን እንኳ አሽትተው ነው የሚደፉት።

አሁን እኔን ያስደሰተኝ ቦታ ላይ ደረስን፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ ፍቀዱልኝ።

የወይን መጽሐፍ ስትከፍቱ ወይኑ «ጉዝቤሪ ይሸታል፣ ብላክከራንት ይሸታል» ይላል። የአውሮፓ ቁጥቋጦ ፍሬዎች ናቸው። ገጠር ዚምባብዌ ያደገ ልጅ ጉዝቤሪ በዓይኑ አላየም። ታዲያ ያላየውን እንዴት ያሽትት? እነዚህ ልጆች ያገኙት መፍትሔ የገዛ ልጅነታቸው ነበር። ከብት ሲጠብቁ የለቀሙትን የጫካ ፍሬ፣ አያታቸው ማድቤት ያሸተቱትን ጭስ አንድ በአንድ ወደ አፍንጫቸው መለሱ። ሙኩቴ የሚሉት ዛፍ አላቸው፤ ጥቁር ወይን ጠጅ መልክ ያለው ፍሬ የሚያፈራ፣ የኛው ዶቅማ የቅርብ ዘመድ። ዶቅማ የበላ ሰው አንዳንድ ቀይ ወይን ሲቀምስ የሚያስታውሰው አያጣም። የሚጎመዝዝ ነጭ ወይን ሲገጥመው ኮሽም አለለት። አጋም አለ፣ ቀጋ አለ፣ እንጆሪ አለ።

ከዚህም ያለፈ አለ። ሶቪኞን ብላንክ የሚባለው ነጭ ወይን ቃሪያ ይሸታል፤ ይህ ግጥም ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው፤ ቃሪያ ውስጥ ያለው ፒራዚን የሚባል ንጥረ ነገር ወይኑም ውስጥ አለ። ሲራ የሚባለው ቀይ ወይን ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፤ ሮታንዶን የሚባለው ያው ንጥረ ነገር ሁለቱም ውስጥ ስላለ ነው። በኦክ በርሜል የቆየ ወይን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። እና እናንተዬ፣ በዓል ሲደርስ ቅመም ስትቀምም በአፍንጫዋ ብቻ «ኮረሪማው አንሷል፣ ቅርንፉዱ በዝቷል» የምትል እናት ያሳደገችው ልጅ ፈረንሳይ አገር ከተወለደው ምን አነሰው? እንዲያውም ይቀድመዋል እላለሁ፤ የጎደለው ስሙን ማወቅ ብቻ ነው። ስም ደግሞ ይጠናል።

በደቡብ አፍሪካ የወይን ቀማሾች ውድድር ላይ ዣን ቫንሳን ሪዶን የሚባል ፈረንሳዊ የወይን ጠማቂ አንድ ነገር አስተዋለ። ከምርጦቹ መካከል የዚምባብዌ ልጆች በዝተዋል። «ለምን የራሳችሁን አገር ይዛችሁ አትወዳደሩም?» አላቸው። ላ ሪቪዩ ዱ ቫን ደ ፍራንስ የሚባለው የፈረንሳይ መጽሔት ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ የዓለም ቅምሻ ሻምፒዮና ያካሂዳል። በየቡድኑ አራት ቀማሽና አንድ አሠልጣኝ አለ። አሥራ ሁለት ወይን ይቀዳል፣ ስድስት ነጭ፣ ስድስት ቀይ፤ መለያው ተሸፍኗል። ዘሩን፣ አገሩን፣ አካባቢውን፣ የተለቀመበትን ዓመትና ያመረተውን ሰው መናገር ነው። ከፍተኛው ነጥብ ለዘሩ ነው። ውድድሩ አውሮፓ ስለሆነ አውሮፓ ብቻ ያሸንፋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ በ2016 ያሸነፈችው ቻይና ናት፣ ፈረንሳይን በገዛ ቤቷ ሁለተኛ አድርጋ።

ለመሄድ ገንዘብ የለም። የእንግሊዟ የወይን ጸሐፊ ጃንሲስ ሮቢንሰን ስለነሱ ጻፈች፣ ከየአገሩ መዋጮ መጣ። በ2017 መኸር አራቱ ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ገቡ፤ ሻቶ ደ ዢሊ የሚባል አሮጌ ግንብ። ሃያ አራት ቡድን። ዚምባብዌ የሚል ባንዲራ በዚያ ውድድር ላይ ሲቆም ያ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ጉዞ የተሠራ ፊልም አለ፣ «ብላይንድ አምቢሽን» ይባላል፤ ዎሪክ ሮስና ሮብ ኮ ያዘጋጁት፣ በ2021 ትራይቤካ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ። እዚያ ላይ የምታዩት የቡድኑ አሠልጣኝ የነበረ ሌላ ፈረንሳዊ በየብርጭቆው የራሱን ሐሳብ ሲያበዛ፣ ልጆቹም መጀመሪያ የመጣላቸውን መልስ ትተው ሲከተሉት ነው። ውጤቱ? ከ24 ቡድን 23ኛ።

ሳቁ እንጂ፤ ራሳቸውም ስቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ሄዱ፤ 14ኛ ወጡ። የብዙ ዓመት የወይን ስም ያላቸው አገሮች ከኋላቸው ቀሩ። እኔን ግን ከደረጃው ይልቅ የሚገርመኝ የሥራው ነገር ነው። ላ ኮሎምብም ሆነ ኬፕ ግሬስ፣ ወይም ዘ ቴስት ኪችን፣ አሠሪዎቻቸው 23ኛ ስለወጡ አላባረሯቸውም፤ 14ኛ ስለወጡም የጠረጴዛው ሥራ አልቀለለላቸውም። ተመልሰው ካርቶን ተሸክመዋል። ውድድር ስም ይሰጣል፣ እንጀራው ግን ሌላ ቦታ ነው የሚጋገረው።

የት እንደሚጋገር ለመረዳት እንደገና ወደ መጋቢት 2020 መመለስ ያስፈልጋል። ኮሮና መጣ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ሲያዝ የአልኮል ሽያጭንም አብሮ ከለከለ፤ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። ምግብ ቤት የተዘጋበት፣ ወይን መሸጥ ሕገ ወጥ የሆነበት ሶሜሊዬ ምን ይሠራል? ምንም። ጉርሻ የለም፣ ጠረጴዛ የለም። ዘ ቴስት ኪችንም በ2021 በሩን ዘጋ። ይህን ሙያ የሚያወድሱ ሰዎች የሚዘሉት ነገር ይህ ነው፤ ጉልበት የሚጠይቅ፣ ሌሊት የሚሠራ፣ በሰው ቤት ላይ የተንጠለጠለ እንጀራ ነው። አርባ ዓመት ሲሞላ ደረጃ መውጣት ያደክማል። ስለዚህ ብልህ ሶሜሊዬ ገና ቆሞ እየቀዳ ሳለ የሚቀመጥበትን ያዘጋጃል፤ ለሆቴሎች ወይን ገዥ ይሆናል፣ አስመጪ ይሆናል፣ አስተማሪ ይሆናል፣ ወይም የራሱን መለያ ያወጣል።

እነዚህ ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። ቲናሼ ኩሙሻ የሚል ወይን አወጣ፤ በሾና ቋንቋ የትውልድ ቀዬ ማለት ነው። እርሻ አልገዛም፣ ፋብሪካ አልሠራም፤ ከገበሬ ወይን ይዞ፣ ከጠማቂ ጋር ተስማምቶ፣ ስሙን ለጠፈበት። ለወይን ብዙ ካፒታል ከሌለህ መጀመሪያ የሚቻለው ይህ ነው፤ ምላስህንና ስምህን ነው የምታዋጣው። ዛሬ አሜሪካ ድረስ ይሸጣል። ጆሴፍም ሞሲ የሚለውን አወጣ፤ ስሙን ያገኘው ሞሲ ኦአ ቱንያ ከተባለው ከዚምባብዌ ታላቅ ፏፏቴ ነው፣ እንግሊዞች ቪክቶሪያ ካሉት። ወይኑ የሚመጣው ካረፈበት ከስዋርትላንድ ነው። ፓርደን ኔዘርላንድስ ሄዶ የአፍሪካን ወይን ለአውሮፓ መሸጥ ያዘ። ገበያው ተገለበጠላችሁ ማለት ነው፤ አፍሪካዊው ለሆላንድ ሰው ወይን ይመርጥለታል። ያን ፋን ሪቤክ ሰማህ?

«እኛ አገርስ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ መሰለኝ። አለ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚሉትን እያወጣ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። አዋሽ የሚባለውን ወይንማ አባቶቻችንም የጠጡት ነው። አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ ሆቴሎች በዝተዋል፣ ዲፕሎማቱ አለ፣ ስብሰባው አለ። ዱባይ ሆቴሎች ውስጥ ደግሞ ሳህን የሚያመላልሰው የኛ ልጅ ብዙ ነው፤ እነዚያ ሆቴሎች በየጊዜው ሶሜሊዬ ከሌላ አገር ያመጣሉ። የኛው ልጅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቆሟል፤ ገና አልጠየቀም።

እንዴት ይጠይቅ? ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሞ «ሶሜሊዬ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ይሳቅበታል። ይልቅስ ወር ሲያልቅ የወይን ዕቃ ቤት ቆጠራ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከነመለያው፣ ከነዓመቱ፣ ከነዋጋው ይመዘገባል። ሁሉም የሚሸሸው ሥራ ነው፤ አቧራ አለው፣ ብርድ አለው፣ ከፈረቃ በኋላ ነው። «እኔ ልቁጠር» ይበል። የሚሽቀዳደመው ስለሌለ ቁልፉን ያስረክቡታል።